አረንጓዴው የሞተ መብራት

ከእናቴ ቤት የወጣሁት ተጣልቼ አይደለም። ወንድሜ አገባ፣ ሚስቱን ይዞ መጣ፣ ልጅ ተወለደ። እኔም ከመኝታ ክፍሌ ወደ ሳሎን ሶፋ፣ ከሶፋው ደግሞ መሬት ላይ ወደተነጠፈ ፍራሽ ወረድኩ። ማንም ውጪልን አላለኝም። እንዲያውም የወንድሜ ሚስት ሕፃኑን አቅፋ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች በአጠገቤ ስታልፍ ሁልጊዜ ይቅርታ ትለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ግን የሰው ይቅርታ እየሰማች እስከ መቼ ትተኛለች? የሚዘጋ በር አማረኝ። ሌላ አይደለም፤ ከውስጥ የሚቆለፍ በር።

እናቴ ስነግራት "ሳታገቢ?" አለች። ይችን አንዲት ቃል ብቻ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባችና ምስር መልቀም ቀጠለች።

ቤተሰባችን ከሸዋ መጥቶ ሐረር ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ የኖረው ከአሮጌው ከተማ ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው። ጀጎል የምንገባው ለገበያ፣ ለልቅሶና ለሠርግ ነበር። እኔ ግን ኪሴ የቻለው ክፍል የተገኘው ከፈረስ መጋላ አደባባይ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ትከሻው የሚነካካበት መንገድ ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው የሐረሪ እናት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ከእኔ ማዶ ባለችው ክፍል ባጃጅ ነጂ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። የእኔ ክፍል ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ቤት ናት። ግድግዳዋ በኖራ የተቀባ፣ እንደ መደርደሪያ የሚያገለግሉ ጎድጓዳ ቦታዎች የተሠሩበት ነው። አንዲት ትንሽ መስኮት ከላይ አለቻት፤ ወደ መንገዱ ታያለች። ከጣሪያው መሃል አምፖል ተንጠልጥሏል።

በሩን ቆለፍኩ። መቀመጥ ግን አልቻልኩም።

ከሥራ ስመለስ አልጋዬ ላይ አረፍ እላለሁ፤ ወዲያው እነሳለሁ። አልጋውን ከበሩ አጠገብ ወደ ጥግ እገፋዋለሁ፤ በማግሥቱ እመልሰዋለሁ። ሻይ እጥዳለሁ፣ ሳይፈላ አጠፋውና እወጣለሁ። ፈረስ መጋላ ቆሜ ባጃጆቹ ሲተራመሱ አያለሁ፤ የምፈልገው ሰው እንዳለ ሁሉ የሚወርዱትን መንገደኞች አንድ በአንድ እመለከታለሁ። ቤት ያለኝ ሰው ሆኜ ቤት እንደሌለው ሰው ስዞር አመሻለሁ። ስመለስ ያ ነጭ አምፖል ክፍሏን መታወቂያ የሚታደስባት ቢሮ አስመስሏት ይጠብቀኛል። በእሱ ብርሃን የጥላዬ ጠርዝ ሳይቀር እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ጥፋቱን በመብራቱ ላይ አላከክሁ። ምክንያትም ነበረኝ፤ የምሠራው ፎቶ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሠርግ ፎቶ አስተካክላለሁ። ዛሬ ዛሬ የሙሽራ ክፍል ያለ ኤልኢዲ አይሆንም፤ ከአልጋው ራስጌ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከጣሪያው ዙሪያ ያ እንደ ጥብጣብ የሚለጠፍ መብራት ይዘረጋል። በዚያ ብርሃን ውስጥ ፎቶ የተነሳ ተራ ግድግዳ ቤተ መንግሥት ይመስላል። የሰውን ክፍል ሳሳምር ውዬ የራሴን ሳይ ያናድደኛል። ግን የቤት ኪራይና ለእናቴ የምሰጣት ከተነሳ በኋላ እጄ ላይ የሚተርፈው ለአዲስ መብራት የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ከግንቡ በሮች ወደ አንዱ፣ ወደ ሸዋ በር ሄድኩ።

እዚያ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት አለፍ ብሎ ያገለገሉ ሽቦዎች፣ ቻርጀሮችና ሶኬቶች መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ሰውዬ አሉ። የድሬ ጠያራ ወረዳ ገበሬ ናቸው፤ የእርሻ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከተማ ይነግዳሉ። ከዕቃው መሃል የተጠቀለለ የኤልኢዲ ጥብጣብ አየሁ፤ ጀርባው ላይ የሰው ቤት ቀለም ተልጦ ተጣብቆበታል።

"ካፌ ውስጥ የነበረ ነው" አሉኝ። "ካፌው ሲታደስ ነቅለው ሸጡልኝ።"

"ይሠራል?"

"ወላሂ ይሠራል! ነይ ላሳይሽ።" ከጎናቸው ካለው አሮጌ ባትሪ ጋር አገናኙት። ጥብጣቡ በጠራራ ፀሐይ መሃል ቀይ ሆኖ በራ።

"ሌላውስ ቀለም?"

"ሪሞት አለው፣ አዳፕተር አለው። ቤትሽ ገብተሽ የፈለግሽውን ቀለም መቀያየር ነው።"

ተከራከርኩ፣ ገዛሁ፣ ቤቴ እስክደርስ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ማጣበቂያው ግን ኖራ አይወድም። ለጥፌ ዞር ስል ነጭ ዱቄት ይዞ ይወርዳል። በፕላስተር አሰርኩት፣ በሚስማር ደገፍኩት፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ወርጄ አንገቴ ተቆለመመ። በመጨረሻ ሶኬቱን ሰክቼ ሪሞቱን ተጫንኩ። ቀዩ ቀይ ነው። ሰማያዊው ሰማያዊ ነው። አረንጓዴውን ስጫን ክፍሏ ጨለመች። ነጩን ስጫን ወይን ጠጅ ሆነ። ቢጫውን ስጫን ተመልሶ ቀይ።

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከቀለም ጋር የምውል ሰው ነኝና ወዲያው ገባኝ፤ አረንጓዴው ሞቷል። አረንጓዴ ከሌለ ነጭ የለም፣ ቢጫ የለም፣ ሞቅ ያለ የቤት ብርሃን የሚባል ነገር የለም። ያለኝ ሦስት ነገር ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ራስ የሚያዞር ወይን ጠጅ። ሰማያዊው አስከሬን ያስመስለኛል። ስለዚህ ቀዩን መረጥኩ። በቀዩ ውስጥ የግድግዳው ስንጥቅ አይታይም፤ ያረጀው ብርድ ልብሴ እንኳን የከፋይ ጨርቅ ይመስላል። የመጀመሪያውን ምሽት ወዲያ ወዲህ ሳልል ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ።

ደስታዬ ብዙም አልቆየም። አንድ ምሽት የግቢው በር ተንኳኳ። እማማ ከፈቱ። እኔ መስኮቴ ሥር ስለነበርኩ የሰውየውን ድምፅ ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

"እናቴ፣ ቢራ አለ?"

"ምን አልክ?"

"ቢራ። ግሮሰሪ አይደለም እንዴ? ቀይ መብራት አይቼ ነው።"

ቀጥሎ እማማ "ሱብሃነላህ!" ሲሉና በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ሪሞቱን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ሶኬቱን ነቀልኩት። ጨለማ ውስጥ ፊቴ እንደ ምጣድ ሲግል ይሰማኛል። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አምስት ወቅት ሶላታቸውን የማያጓድሉ እናት ግቢ ውስጥ፣ የሮመዳን ዋዜማ ላይ፣ ብቻዋን የምትኖር ክርስቲያን ሴት ቀይ መብራት አብርታ!

ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እማማ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ልጄ፣ መብራትሽ ያምራል። ማሻአላህ። መስኮትሽ ግን ወደ መንገዱ ነው።"

"እማማ፣ እኔ እኮ..."

"አውቃለሁ። እኔ አንቺን አውቃለሁ። መንገዱ አያውቅሽም።"

እኔ ግን የዚያን ቀን ፎቶ ቤት ተቀምጬ የአንዲት ሙሽራ ፊት ላይ ስንቴ ቀለም እንዳበላሸሁ አላውቅም። ማን አየ? ማን ለማን ነገረ? ሐረር ትንሽ ከተማ ናት፤ በአንዱ በር የገባ ወሬ በሌላው በር እስኪወጣ ሻይ አይቀዘቅዝም።

ምሳ ሰዓት ላይ ጥብጣቡን ጠቅልዬ ሸዋ በር ተመለስኩ። ሰውዬው ታሪኩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ፊቴን አይተው ተዉት።

"አውፍ በይኝ፣ ይቅርታ። አረንጓዴውን እኔም አላየሁትም። ይሄን ውሰጂ" ብለው ሌላ ጥቅል አወጡ። "አንድ ቀለም ነው። ወደ ቢጫ ያደላ። አጭር ነው፣ ሪሞት የለው፣ ጭፈራ የለው። ይበራል፣ ይጠፋል፣ በቃ።"

በለውጥ ሰጡኝ። የፊተኛው አዳፕተርም ተስማማው።

በዚህኛው ተጠነቀቅሁ ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን ልቤ ረግቶ ስላልነበር አንዱን ጫፍ ስቆርጥ ምልክቱን ስቼ ከጎኑ ቆረጥኩት። ይህ ጥብጣብ ደግሞ የመዳቡ ምልክት ካለበት ቦታ ውጭ ከተቆረጠ ያ ክፍሉ አይበራም። አጭሩ ጥቅል ይበልጥ አጠረ። ጣሪያውን መዞሩ ቀረና ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። ከፎቶ ቤት የፎቶ ወረቀት ባዶ ካርቶኖች አመጣሁ፤ በቁመታቸው አጥፌ እንደ አሸንዳ አደረግኋቸውና ጥብጣቡን ውስጣቸው ዘረጋሁት። አንዱን ቁም ሳጥኑ ላይ ወደ ጣሪያ አዙሬ አስቀመጥኩ። የቀሩትን በግድግዳው ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ከንፈር ላይ ደበቅሁ። መብራቱ ራሱ አይታይም፤ የሚታየው ኖራው ላይ የሚፈሰው ብርሃኑ ነው።

አበራሁት። የጎረበጠው ግድግዳ እንደ ዳቦ ቅርፊት ወርቃማ ሆነ። ያቺ ዕቃ ቤት የነበረች ክፍል ሰው የሚኖርባት መሰለች።

ግን አሁንም አላረፍኩም። አሁን ደግሞ የሚያይልኝ ሰው አስፈለገኝ፤ ያ ሰው እናቴ ነበረች። ስልክ ደወልኩላት። "ነይና ቤቴን እዪ፤ መብራት አስገብቻለሁ" አልኳት።

"ጾም ነው" አለች።

እውነት ነው፤ ያን ዓመት ሁዳዴና ሮመዳን አብረው ነበር የገቡት። ከግንቡ ውጭ የእኛ ሰው ይጾማል፣ ከግንቡ ውስጥ የእነሱ ሰው ይጾማል። ከተማው በሙሉ ከንፈሩ ደርቋል። ግን ጾም መንገድ አይከለክልም። መምጣት አልፈለገችም፣ በቃ። ስልኩን ዘግቼ ካርቶኖቹን አውርጄ እንደገና አደራጀኋቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ አመሻሽ ላይ ከሥራ ተመልሼ ልብሴን እየቀየርኩ ሳለ ግቢው ውስጥ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁ። ነጠላዋን አጥብቃ ተከናንባ፣ ከበሩ ብዙም ሳትገባ ቆማለች። ፊቷ ቅዳሴ ላይ እንዳለች ሴት የተኮሳተረ ነው።

"እማዬ! ምነው ሳትደውይ?"

"ደውዬ ብመጣ ኖሮ ታጠፊው ነበር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ቤተ ክርስቲያን ነው የሰማሁት። ልጅሽ ጀጎል ውስጥ ቀይ መብራት አብርታ ተቀመጠች አሉኝ። ቀይ! የአባትሽ ልጅ!"

"ቀይ አይደለም። ግቢና እይው።"

እጇን ይዤ አስገባኋት። ማብሪያውን ተጫንኩ። ምንም የለም። እንደገና ተጫንኩ። ግቢው ውስጥ የባጃጅ ነጂው ሚስት "መብራት ሄደ!" ብላ ስትጮህ ሰማሁ። መንገዱ በሙሉ ጠፍቷል።

እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ እየጠለቀች ስለነበር በመስኮቷ የሚገባው ብርሃን ፊቷን አልደረሰላትም። እኔ በክፍሌና በግቢው መሃል እመላለሳለሁ። ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ፤ ገብቼ ማብሪያውን እነካለሁ። ስልኬን አብርቼ ካርቶኖቹን ላሳያት ሞከርኩ።

"እዚህ ውስጥ ነው የሚበራው፤ እንዲህ ወደ ላይ ሆኖ..."

"ካርቶን ነው የማየው" አለች።

ውጭ እማማ የጾም ማፍጠሪያውን ለማቅረብ ይዋከባሉ። ያን ቀን ጎረቤት ጠርተው ስለነበር ግቢው መሃል ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ተምርና ውኃ ተደርድሯል። አዛን ሊል ጥቂት ቀርቶታል፤ ጨለማውም እየመጣ ነው። "ሻማ የት አለ? ያ ረቢ፣ ሾርባውን በምን ልቅዳው?" ይላሉ። በሩ ጋ ቆሜ ሳያቸው የሸዋ በሩ ሰውዬ መሬት ላይ ካለ ባትሪ ጋር ቀዩን ጥብጣብ ሲያገናኙት ትዝ አለኝ። አዳፕተሬን አንስቼ በስልኬ መብራት ጀርባውን አነበብኩ። አሥራ ሁለት ቮልት ይላል።

ባጃጅ ነጂውን ጠራሁት። "ወንድሜ፣ ያንተ ባትሪ ስንት ቮልት ነው?"

"አሥራ ሁለት። ምነው?"

"ፍታልኝ።"

ጥያቄ አላበዛም። እሱ ባትሪውን ሲያወጣ እኔ ክፍሌ ገብቼ ጥብጣቡን ከካርቶኖቹ መንቀል ጀመርኩ። ያን ያህል የለፋሁባቸውን ካርቶኖች በደቂቃ ቀዳድጄ ጣልኳቸው። እናቴ "ምን እያደረግሽ ነው?" አለች። የአዳፕተሩን ሽቦ ቆርጬ ጫፉን በጥርሴ ላጥሁት። የባጃጅ ነጂው ሚስት ጥብጣቡን በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ እየጠመጠመች ሄደች። ሽቦዎቹን ባትሪው ላይ አስነካሁ። አልበራም። ሁሉም ወደ እኔ ያያል፤ እናቴም ወጥታ በሬ ላይ ቆማለች።

"ገልብጪው፣ ገልብጪው" አለ ባጃጅ ነጂው።

ገለበጥኩት። ግቢው በራ።

እማማ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "አልሐምዱሊላህ!" አለ አንዱ እንግዳ። ብርሃኑ ከገመዱ ላይ በምንጣፉ፣ በተምሩ፣ በሽማግሌዎቹ ነጭ ቆብ ላይ ወረደ። ወዲያው አዛን አለ፤ ሁሉም እጁን ወደ ተምሩ ዘረጋ።

እናቴ ገመዱን ሽቅብ አየችው። ብዙ ካየች በኋላ "ቀይ ያሉት ይሄ ነው?" አለች።

እኔ ከመመለሴ በፊት እማማ መለሱ። "ነበር ቀይ። ወላሂ፣ ነበር። የወሬውን ያህል ግን አልነበረም።" ከዚያ ከተቀመጡበት ተነስተው ወደ እናቴ መጡ። "እርስዎ እናቷ ነዎት? ፊቷ ይናገራል። ይቀመጡ እንጂ።"

"አይ፣ ልሄድ ነው። እኔም ጾም ላይ ነኝ።"

"ታዲያ ጾመኛ ከጾመኛ ሌላ ማን ጋ ይቀመጣል? ሾርባውን ይተዉት፤ ሥጋ አለበት። ይሄ ሳምቡሳ ምስር ነው፣ በዘይት ነው የተሠራው። ተምሩም የአላህ ነው።"

እናቴ አፈረች። ነጠላዋን ከራሷ ወደ ትከሻዋ መለሰችና ከሴቶቹ ጎን ተቀመጠች። ምግብ ሳትቀምስ ውላ ነበርና ተምሩን ስትነክስ ዓይኗን ጨፈነች። በዕድሜዋ ሙሉ ከጀጎል ግንብ ማዶ ኖራ እንዲህ ማፍጠሪያ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ከእማማ ጋር ስለ ጉልበት ሕመም ማውራት ጀመሩ፤ እኔን ረሱኝ። እኔ ከባትሪው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ሽቦው እንዳይላቀቅ በጣቴ ይዤ ነበር። ሁለቴ ተላቅቆ ሁለቴ ጨለመ፤ ሁለቴም ሰው ሁሉ "ኧረ!" አለ።

መብራት ሲመጣ ከመንገዱ ማዶ ያሉ ልጆች ጮኹ። እናቴ ተነስታ ክፍሌን ለማየት ገባች። ጥብጣቡ ውጭ ስለቀረ የበራው ያ ነጭ አምፖል ብቻ ነው። መሬት ላይ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ግድግዳው ላይ የፕላስተር ምልክትና የተላጠ ኖራ፣ ጥጉ ላይ የጠመመ አልጋ። ሌላ ምንም የምትመለከተው የለም። ላስረዳት ፈለግሁ፤ ትናንት ቢሆን፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ቢሆን... ጎንበስ ብዬ ካርቶኖቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

እናቴ በሩን ይዛ መለስ ቀለስ አደረገችው። ቁልፉን አዙራ ሞከረችው። "በሩ ጠንካራ ነው" አለች።

እስከ ፈረስ መጋላ ሸኘኋት። ባጃጅ ውስጥ ከገባች በኋላ ራሷን አወጣችና "ግድግዳው መቀባት አለበት" አለችኝ። ወደ ቤት ተመለሽ አላለችም። ያን ቃል ስጠብቅ ስለነበር ሳትለው ስትቀር ደስ ሊለኝ ሲገባ ባጃጁ እስኪሰወር ቆሜ ቃሉን ጠበቅሁ።

የቆረጥኩትን የአዳፕተር ሽቦ ቀጠልኩለትና ጥብጣቡ ሮመዳን እስኪያልቅ ግቢው ላይ ቀረ። እማማ አልጠየቁኝም፤ እኔም ለማውረድ ልቤ አልፈቀደም። ከኢድ በኋላ ክፍሌን ራሴ ቀብቼ መልሼ ዘረጋሁት፤ አሁን በደንብ ያዘ። እናቴ አንዳንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቅ ትላለች፤ ከእኔ ይልቅ እማማ ጋ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ደውላ በረንዳው ጨለማ ስለሆነ እንደምትደናቀፍ ነገረችኝና እንደዚያ ዓይነት መብራት እንዳደርግላት ጠየቀችኝ። ቁራጭ ጥብጣብ ይዤ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ስለጥፍ የወንድሜ ሚስት ወንበሩን ያዘችልኝ፤ ሕፃኑ ሥሬ ይድሃል። በራ፤ እናቴ ሁለት ጊዜ ሄዳ መጣችበት። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ሳህን ለብቻዬ ተሰጠኝ፤ ለእንግዳ የሚወጣው የአበባ ሳህን ነው። የወንድሜ ሚስት ቆማ "ብዪ እንጂ፣ አልበላሽም እኮ" ትለኛለች። ወንድሜ ቴሌቪዥኑን ቀነሰልኝ። ሶፋው አዲስ ልብስ ለብሷል፤ የእኔ ፍራሽ የነበረበት ቦታ ላይ የሕፃኑ አልጋ ቆሟል።

ማንም አላስከፋኝም። ሁሉም ደግ ነበሩ። እኔ ግን ቁራሹን በእጄ እንደያዝኩ ሰዓቴን አያለሁ።

"ወዴት ነው የምትቸኩዪው?" አለች እናቴ።

"ቤቴ" አልኳት። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው ሁለታችንም ደነገጥን። እሷ ወጥ ጨመረችልኝ። እኔም በላሁ፣ ሳህኑን እንዳላጥብ ከለከሉኝ፣ ጫማዬን አጠለቅሁና ወደ ጀጎል በሚወስደው መንገድ በፍጥነት መራመድ ጀመርኩ። ታክሲ ነበር፤ መጠበቅ አልቻልኩም።